ከስድስት ሰዓት በኋላ

በዚያን ጊዜ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ከተማችንን በወረቀት ላይ እንጅባራ ብዬ እጽፋታለሁ፤ አፌን ስከፍት ግን ቆሰበር ነው የምላት፣ እንደ ሰፈሬ ሰው ሁሉ። ቀን ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ወደ ማታ ደግሞ ጓሮዬ ገብቼ ከጎመንና ከካሮት ጋር እታገላለሁ። መታገሉ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ግን ያወቅሁትን ካላወራሁ የሚያመኝ ሰው ነኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ያንቺ ሆድ ወንፊት ነው» ትለኝ ነበር።

«ጓሯችን» የምትባለውን ወረቀት ያመጣው ይኸው ወንፊትነቴ ነው። መጀመሪያ ለጉባኤያችን፣ ለጸሎት ቤታችን እኅቶች ብዬ ሃያ ቅጂ አወጣሁ። ጉባኤያችን ትንሽ ስለሆነች ወረቀቱ ተረፈ፤ የተረፈውን ማመልከቻ ሊያጽፉ ለመጡ ገበሬዎች ሰጠሁ። በሚቀጥለው ወር ራሳቸው መጥተው ጠየቁኝ። በዓመቱ በገበያ ቀን መቶ ቅጂ አልበቃ አለኝ። አንድ ገጽ ናት፣ በወር አንዴ የምትወጣ። ችግኝ መቼ እንደሚዛወር፣ ድንች በውርጭ እንዳይመታ ምን እንደሚደረግ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የምትናገረው። ማንበብ የማይችለው በልጁ ያስነብባታል። ሰዎች ሲከራከሩ «ወረቀቷ እንዲያ አላለችም» መባባል ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አብጦ ነበር። በመንገድ ሳልፍ ሰው ከአጥሩ ላይ ሆኖ ስለ ነጭ ሽንኩርት ሲጠይቀኝ፣ ሐኪም የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ከአንባቢዎቼ ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ማንበብ የማይችሉትን አያ ፈንቴን ነበር። ቤታቸው ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ማሳው ከሚጀምርበት ላይ ነው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ባሕር ዳር ገብተዋል። ከእሳቸው ጋር የቀሩት ንቦቻቸው ብቻ ነበሩ፤ ከቀርቀሃ የተሠሩ ሰባት ቀፎዎች ነበሯቸው። የቤታቸው ቋንቋ አውኛ ነው፤ አማርኛውን ቀስ እያሉ፣ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። የእኔም እናት አገው ስለነበረች፣ ቃል ሲጠፋባቸው አቀብላቸዋለሁ። ስለ ጤዛ፣ ስለ ውርጭ፣ አፈር በእጅ ሲጨበጥ ስለሚናገረው ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በ«ጓሯችን» ላይ በእኔ ስም ከወጣው ግማሹ ከእሳቸው አፍ የወጣ ነው። ወረቀቷ በወጣች ቁጥር አንድ ቅጂ ይወስዱና አጣጥፈው በጋቢያቸው ውስጥ ይሸጉጧታል። ምን ያደርግልዎታል ብላቸው «የእኔም ቃል አለበት» ይሉኛል።

መስከረም በገባ በሳምንቱ አያ ፈንቴ ወደ ሱቄ መጡ። ባቄላው አብቧል፣ ክሽክሽ የምንላት ጥቁር ተባይ ደግሞ ለጋ ጫፉ ላይ ተለጥፋ ወዙን መምጠጥ ጀምራለች። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ መድኃኒት ገዝተዋል። እሳቸው ግን የጨነቃቸው ሌላ ነው።

«ልጄ፣ በዚች ወረቀትሽ አንድ ነገር ጻፊልኝ» አሉኝ። «ሰው መድኃኒት ሲረጭ ንቤ አበባ ላይ ናት። ንብ ከቀፎዋ ከገባች በኋላ ርጩ በይልኝ። እኔ ብለምን አንድ ሰው ቢሰማኝ ነው፤ አንቺ ብትጽፊ አገር ይሰማሻል።»

አገር ይሰማሻል ሲሉኝ ደስ አለኝ። እጽፋለሁ፣ አይስጉ ብዬ ሸኘኋቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥሁና ጻፍሁት። አንድ ዘመዴ የሰጠኝ ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለኝ፤ ነገሩን ከሥሩ ልያዘው ብዬ እሱን ገለጥሁ። መጽሐፉ ሰዓቱን ለይቶ ያስቀምጣል። የሱን ሰዓት ወሰድሁና ከታች ንብ ወደ ቀፎዋ የምትገባበት ጊዜ ስለሆነ ብዬ ምክንያቱን ጨመርሁበት። መብራት ሄድ መለስ ይል ስለነበር እየተጣደፍሁ ነው የጻፍሁት። ጨርሼ ሳየው ጽሑፉ ከገጹ በሁለት መስመር ተርፏል። ሁለት ገጽ ማድረግ ወረቀት መፍጀት ነው፤ የሆነ ነገር መቆረጥ ነበረበት። እዚያው ገጽ ላይ ስለ ራሴ ጥቅል ጎመን፣ የሰው ራስ አክሎ ስለወጣልኝ የተጻፈ አራት መስመር ነበር። እሱን መቁረጥ ይቻል ነበር። እኔ ግን የቆረጥሁት የንቧን ነው። ትእዛዙን እንዳለ ትቼ ምክንያቱን ሰረዝሁት። ወረቀቷ በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

«ለባቄላ ክሽክሽ መድኃኒት የምትረጩ ሁሉ ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ርጩ፤ አለዚያ ተባዩ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይሸሻል። የምትረጩትም ከ6 ሰዓት በኋላ ብቻ ይሁን።»

በገበያ ቀን ታደለች። አያ ፈንቴም መጥተው የራሳቸውን ቅጂ ወሰዱ። ጻፍሽልኝ ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኋቸው። እግዜር ይስጥሽ ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሰኞ ፀሐይ ወጣች። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ፀሐይዋን እያየሁ ዛሬ ሳይረጩ አይቀሩም ብዬ አሰብሁ፤ ሌላ ምንም አላሰብሁም።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ የማውቀው ባለ ባጃጅ ሱቄ በር ላይ አቆመና አያ ፈንቴ ቶሎ ትምጣልኝ ብለውሻል አለኝ። አሟቸው እንደሆነ ብጠይቀው፣ አላውቅም፣ አጥር ላይ ቆመው ነው የጠሩኝ አለኝ። ሱቁን ዘግቼ በዚያችው ባጃጅ ሄድሁ።

ከአጥሩ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የታወቀኝ ጸጥታው ነው። በመስከረም ያ ግቢ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ከንቡ ድምፅ የተነሣ ከፍ አድርገን ነበር የምናወራው። አያ ፈንቴ ከቀፎዎቹ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ደህና አደሩ ብላቸው በእጃቸው መሬቱን አሳዩኝ።

ከእያንዳንዱ ቀፎ ሥር ንብ ተከምሮ ነበር። የሞተው ሞቷል፤ ገና ያልሞተው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ያንቀጠቅጣል። ምላሳቸውን አውጥተው ነው የሞቱት። መብረር ያቃታቸው በሣሩ ላይ እየተንፏቀቁ ወደ ቀፎው ለመመለስ ይሞክራሉ፤ ትንሽ ይሄዱና ይቀራሉ። ጎንበስ ብዬ አንዷን በመዳፌ አነሣኋት፤ ሁለት ጊዜ ተወራጨችና ዝም አለች።

አያ ፈንቴ ያን ጊዜ ተናገሩ። የነገሩኝ ነገር ይህ ነው። ልጃቸው ባሕር ዳር በጠና ታማ ነበር። ብትድንልኝ ለጧፍ የሚሆን ሰም አገባለሁ ብለው ለሰፈራቸው ታቦት ተሳሉ። ልጅቷ ዳነች። የዚያን ዓመት ሰም ግን የቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ሸጠው ቆርቆሮ ገዙበት፤ ለከርሞ አገባለሁ ብለው ቀጠሩት። ከርሞ ማለት አሁን በጥቅምት የሚቆረጠው ማር ነበር።

«እግዜርን ቀጠርሁት» አሉኝ። «እሱ ደግሞ አይቀጠርም። ይኸው ወሰዳቸው።»

እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በእግዜር አይደለም የተናደድሁት፣ በሰፈሩ ሰው ነው። አያ፣ ይህ የመድኃኒት ሥራ ነው፣ ጎረቤቶችዎ ናቸው፣ ወረቀቷ እየነገረቻቸው በቀን ረጭተው ነው ብዬ ጮህሁ። አያ ፈንቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ወረቀቷን ሲያስነብቡ ሰምቻለሁ፣ እንደ ወረቀቷ ነው የምናደርገው ብለውኛል፣ ጎረቤቴን አልጠረጥርም አሉ። እኔ ግን ያንን ለመስማት አልቆምሁም። ጥፋተኛውን ይዤ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ቁጣ ሲመጣብኝ እግሬ ከአእምሮዬ ይቀድማል።

ከአጥራቸው ቀጥሎ ያለው የየሺ ጓሮ ነው። የሺ እኩያዬ ናት፣ ባቄላዋ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ገና ከበሩ ላይ ሆኜ አንቺ ሴትዮ ምን አድርገሽ ነው ብዬ ጀመርሁ። የሺ ግራ ገባት። መቼ ነው የረጫችሁት አልኋት። ትናንት፣ አሥራ ሦስታችንም ቤት በአንድ ቀን አለችኝ፤ እንዲያውም ደስ ብሏታል። በስንት ሰዓት ብዬ አፈጠጥሁባት።

«አንቺ ባልሽው ሰዓት ነዋ» አለችኝ። «ስድስት ሰዓት እስኪሆን ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኔማ ጎህ ሳይቀድ ልረጭ ተነሥቼ፣ ኋላ ወረቀቷ የከለከለችውን ብዬ መልሼ አስቀመጥሁት። ጤዛው ደርቆ ቅጠሉ መድኃኒቱን እንዲቀበለው ብለሽ ነው አይደል? እኛ እንደዚያ ነው የገባን።»

ይህን ብላ ከበሩ ጀርባ የተሰካችውን «ጓሯችን» አውጥታ ሰጠችኝ። ከ6 ሰዓት በኋላ ይላል። የራሴ ጽሑፍ ነው፣ በራሴ ጣት የተመታ። መጽሐፉ ስድስት ያለው የፈረንጅ ስድስት ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት። የእኛ ስድስት ሰዓት ደግሞ እኩለ ቀን ነው፤ ንብ ሁሉ ከቀፎ ወጥታ አበባ ላይ የምትሆንበት። ይህን ልዩነት በቆሰበር የማያውቅ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የለም። እኔ ራሴ ስልኬን ባየሁ ቁጥር ሳይታወቀኝ ስድስት እየቀነስሁ ነው የምኖረው። በዚያች ሐሙስ ግን ሳልቀይረው አለፍሁ። ምክንያቱን ባልቆርጠው ኖሮ፣ ንብ በስድስት ሰዓት ቀፎዋ ገብታ አታውቅም ብሎ የሚስቅብኝ አንድ ገበሬ አይጠፋም ነበር። ምክንያቱ ስለሌለ ግን የራሳቸውን ምክንያት ፈለጉለት፤ ያውም ደህና ምክንያት።

የሺ ፊቴን እያየች፣ ምነው አጠፋን እንዴ አለችኝ።

እዚህ ላይ ያልሁትን መጻፍ ይከብደኛል። «የለም፣ ጥሩ አድርጋችኋል» አልኋት። ወረቀቷን መለስሁላት። ወደ አያ ፈንቴ ግቢ ተመልሼ መግባት ሲገባኝ፣ በማሳው በኩል ዞሬ በእግሬ ወደ ከተማ ሄድሁ።

ያን ቀን ምንም አልሠራሁም። ማን ያውቃል እያልሁ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። የሺ አልገባትም። አያ ፈንቴ አያነቡም። በሚቀጥለው እትም ሰዓቱን ባስተካክል ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ግን ያ ቃላቸው ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ እግዜርን ቀጠርሁት ያሉት። አንድ ሽማግሌ ፈጣሪዬ ተቀይሞኛል ብሎ እስኪሞት እንዲኖር ነው የምፈርድበት። ጸሎት ላይ ልንበረከክ ብል እንኳ አፌ አልከፈት አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሕፈቱማ ወለምታ መቶ ቅጂ አለው።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሄድሁ። ለካ ዘግይቻለሁ። አያ ፈንቴ ያን ቀን ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደው፣ ከቅጥሩ በር ላይ በካህናቱና በሰፈሩ ሰው ፊት ወድቀው፣ ስለት አስቀርቼ ነው ንቤን የተቀማሁት ብለው ኖሯል። ስደርስ ከዚያ ተመልሰው፣ የሞቱትን ንቦች በመጥረጊያ እየሰበሰቡ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባሉ። ካንድ ቀን በፊት፣ ከየሺ ጓሮ በቀጥታ ገብቼ ብነግራቸው ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

መጥረጊያውን ተቀበልኋቸውና አስቀመጥኋቸው። ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«አያ፣ ንብዎን የገደልሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

አማርኛው ያልገባቸው ይመስል አዩኝ። በአውኛ ደገምሁላቸው። ከዚያ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቆረጥሁት መስመር፣ ስለ ጎመኔም ጭምር አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ትናንት አውቄ ጥያቸው እንደሄድሁም ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

«እንግዲያ እግዜር አልተቀየመኝም?» አሉኝ።

«አልተቀየመዎትም፣ አያ።»

ተመስገን ብለው አለቀሱ። በሞቱት ንቦች ላይ ያላለቀሱት ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ደስ መሰኘታቸው ነው።

ሲረጋጉ፣ ጻፊ ያልሁሽ እኔ አይደለሁ፣ ከእኔም አለበት አሉ። አይደለም ብዬ ተከራከርኋቸው። አሁኑኑ የሺ ጋ እሄዳለሁ፣ አሥራ ሦስቱንም ቤት ዞሬ እናገራለሁ፣ ካህናቱ ጋም እሄዳለሁ፣ በወረቀቷም ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ አልሁ። ብድግ ስል ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ተይ» አሉኝ። «የሺ ይህን ብትሰማ በደጄ ታልፋለች? አሥራ ሦስቱም ቤት አንገቱን ደፍቶ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ንቤን አጣሁ፣ ጎረቤቴን ደግሞ ልጣ?»

ሰው ግን ስለት በልቶ ነው እያለ ያማዎታል አልኋቸው።

«ይበል። እግዜር ያውቃል፣ እኔም አሁን አወቅሁ። ሰዓቱን አስተካክይ፣ ስሜን አታንሺ። ወረቀቷንም እንዳታቆሚ። እናንተ በሃይማኖታችሁ አትምሉም አሉ፤ እንግዲያ ቃልሽን ስጪኝ።»

ቃሌን ሰጠሁ። በፈቃዳቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን ትንሽ እንደቀለለኝም አልክድም። ያን ከሰዓት በኋላ አብረን ባዶዎቹን ቀፎዎች ከፈትን፤ ሰሙን ቆረጥን፣ አቀለጥን። በማግስቱ ተሸክመው ወስደው ለታቦቱ አስገቡ። በሚቀጥለው እትም ላይ «6 ሰዓት የተባለው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ንብ ከቀፎዋ ከገባች በኋላ ተብሎ ይታረም» ብዬ አወጣሁ። ሰው የማሽን ስሕተት ነው ብሎ አለፈው። የገባቸው ይኖሩ ይሆናል፤ አንድም ሰው ግን አልጠየቀኝም።

አንዲት ቀፎ ጥቂት ንብ ቀርቷት ነበር፤ እሷም እስከ ኅዳር አልቆየችም። ሌላ መንጋ ላምጣልዎት ብላቸው እሺ አላሉም፤ እንደገና ለመልመድ ዕድሜ የለኝም አሉኝ። ዶሮዎቻቸው ከቀፎዎቹ በአንዱ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ። እኔ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ቡቃያ እናያለን፣ ስለ አፈር እናወራለን፤ ስለዚያ ነገር ግን አንዴም አላነሣንም። አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ባለፈው ጥር አረፉ።

ልቅሶው ላይ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ነበር። አንዷ፣ እንዲያው እኮ ደግ ሰው ነበሩ፣ ያች ስለት ባትይዛቸው አለች። ሌላዋ፣ እግዜር ንቡን የቀማው ሰው ተብለው ቀሩ አለች። ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም ከንፈሬን መጠጥሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ራሴን ተጸየፍሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ቃሏን አፈረሰች ትሉኝ ይሆናል። አስቤበታለሁ። እሳቸው የፈሩት ሰው በደጃቸው ማለፉን እንዳይተው ነበር፤ አሁን ያ ደጅ ተዘግቷል። የቀረው ስማቸው ነው፣ እሱንም ያቆሸሽሁት እኔ ነኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ለሰው አድርግ ስል ለምን እንደሆነ ሳልነግር አላልፍም፣ ገጹ ቢሞላ እንኳ ሌላ ነው የምቆርጠው። ይህ ግን ለእሳቸው ምንም አይጠቅማቸውም። ስለዚህ በግልጽ ልናገረው፦ አያ ፈንቴ ስለት አልበሉም። ንባቸውን እግዜር አልቀማቸውም፣ ጎረቤትም አልገደለባቸውም። እኔ ነኝ።

የሺዬ፣ ይህን አንቺም ታነቢዋለሽ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ የነገርሁሽን ነው ያደረግሽው። እሳቸው አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ሐሜት ችለው የኖሩት፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ ልትቀጂ በደጃቸው ስታልፊ «አያ፣ ደህና አደሩ» እንድትያቸው ብለው ነው።